በገናውን የመረጠው ማን ነው?

የሙዚቃ መሣሪያ ሲመርጥ ዐይኑን የሚገልጥ ሰው ጆሮውን የተሸከመው ለጌጥ ነው። ይህን የምለው ሰው ለማስቀየም ነው፤ የሚቀየመውም ራሱን ያውቃል... በሕይወት ያለው ማለቴ ነው። የሞቱትን ደግሞ ቀስ ብዬ እደርስባቸዋለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ልትገዛ ነው። ያ ድምፁ ወፍራም የሆነው፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያጉረመርመው ጊታር። ቀዩ ይሻላል ጥቁሩ ይሻላል ስትል ሰነበተች። "ድምፁስ?" ብላት "አያቴ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ታውቂያለሽ?" አለችኝ። እኔ መልሴን የማስቀምጠው ለእናንተ ነው።

እኔ ወፍራም ድምፅ የመረጥኩት በጣልያን ጊዜ፣ ቡሬ ላይ ነው። ያን ጊዜ ቤዝ አይባልም፤ በገና ነው የሚባለው። ኤሌክትሪክ ለመሆንም ብዙ አልቀረውም ነበር፤ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ለአያሌው ተድሬ ቡሬ ስገባ ከአባቴ ቤት በገናዬን ይዤ ነበር። መደርደሩንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። አያሌው ደግ ሰው ነበር፤ ጥፋቱ እህት ያለው መሆኑ ብቻ ነው። እታገኘሁ ትባላለች። የእሱ ታላቅ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። በሕይወት ሳለች አንቱ እላት ነበር። ዛሬ "እሷ" እላታለሁ፤ መቃብር ድረስ ሄዶ የሚነግርብኝ ካለ መንገዱ ያውላችሁ።

አንድ ክረምት ቤቱ አፈሰሰና የበገናዬ ገበቴ የተለበጠበት ቆዳ በስብሶ ተቀደደ። እስኪጠገን ብዬ ጥግ አስቀመጥኩት። ዘመድ ጠይቄ ስመለስ እታገኘሁ ገበቴው ውስጥ ዶሮ አሳቅፋበታለች። ባዶውን ከሚቀመጥ ብላ እንደሆነ ነገረችኝ። ጫጩቶቹ በደህና ተፈለፈሉ። በገናው ግን ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነም።

ዐቢይ ጾም ደረሰ። በገና እንደ ማሲንቆ በየሠርጉ አይዞርም፤ ወቅቱ ጾም ነው። እኔም በዚያ ቤት ሰው የምሆነው በጾም ነበር። ሌላውን ጊዜ ጠላው ቢጥም የእታገኘሁ እጅ ነው፣ ወጡ ቢጥም የእታገኘሁ እጅ ነው፤ እኔ የሠራሁትም ሳይቀር። በገና ስደረድር ግን ጎረቤቱ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ይቀመጣል፤ እሷም ሳትወድ አፏን ትዘጋለች። በገና የሌለው ጾም ማለት ለእኔ ዓመቱን ሙሉ የእታገኘሁ ጥላ ሆኖ መክረም ነው። ስለዚህ አዲስ በገና መምረጥ ነበረብኝ።

ሠሪው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር የሚኖረው። ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ ገና በዚህ ስም አልተጠራም። እኔ፣ አያሌውና እታገኘሁ አብረን ሄድን። እሷን ማንም አልጠራትም።

ሠሪው በገናዎቹን ግድግዳ አስደግፎ ደረደረልን። አያሌው በሬ እንደሚገዛ ሰው ጎናቸውን ዳበሰ፤ አንዱን አንሥቶ ክብደቱን አደነቀ። እታገኘሁ መስቀል የተቀረጸበትን፣ ቀይ ቆዳ የለበሰውን አቅፋ አልለቅም አለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና እያንዳንዱን እንዲመታልኝ ሰውዬውን ለመንኩት። የመጀመሪያው ሽምብራ በስልቻ ሲንቀጠቀጥ ይመስላል። የእታገኘሁ ቀይ ጉንፋን እንደያዘው ዲያቆን ነው። ሦስተኛው ሲመታ ግን... ምን ልበላችሁ፣ የቆምኩበት መሬት አጉረመረመ።

"ይሄ ነው" አልኩ። እታገኘሁ ቀዩ በመቅረቱ አኩርፋ ወጣች። እኔም ዞር ብዬ አየሁት። የበገና አውታር መቼም የበግ አንጀት ነው። የዚህኛው አውታር ግን ያብለጨልጫል።

ሠሪው ዐይኑን ጣራው ላይ ተክሎ "አንጀት ከየት ይምጣ፣ እመቤቴ? በጉን ሁሉ ምሽጉ ጨረሰው" አለ። ምሽጉ የጣልያን ጦር ያለበት ነው። ከሰውዬው ደጃፍ በላይ ደግሞ ከግንድ ግንድ የተዘረጋ የጣልያን የስልክ ሽቦ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ፤ እዚያ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። ሽቦ የቆረጠም፣ የተቆረጠ የተገኘበትም እንደሚሰቀል በገበያ ታውጇል።

አያሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ልታሰቅይን ነው ወይ አለኝ። ፋሲካ ሲደርስና በግ ሲታረድ አውታሩን እንለውጠዋለን አልኩት። በጾም ማን በግ ያርዳል? ሌላውን በገና ለምን አልገዛሽም የምትሉኝ ካላችሁ፣ እናንተም ቀዩን የምትመርጡ ናችሁ።

ቤት እንደገባን ብልጭታውን ማጥፋት ነበረብኝ። ቅቤና ጥላሸት ይበጅ ነበር፤ ግን በጾም ቤቱ ቅቤ ቅቤ ቢሸት ከጣልያን በፊት ጎረቤት ይሰቅለኛል። ጥላሸቱን በኑግ ዘይት ለውሼ አውታሩን ቀባሁት። እታገኘሁ ለምን ጠቆረ ስትል ሕማማት እየቀረበ ነው አልኳት። አማተበችና አመነች።

ጎረቤቱ መጣ፣ ሰማ፣ አለቀሰ። እሷ ግን እንዳምናው ዝም አላለችም። "የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሷማ ፊቷን ግድግዳ ላይ አዙራ ነበር" እያለች ቤት ለቤት አወራች። ፊቴን ማዞሬስ እውነት ነው፤ ሐሰት ስትናገር እንኳ ከእውነት ቆንጥራ ነበር። ወሬው ሲዞር ሲዞር ምሽጉ ደረሰ። የምሽጉ ካፒታን ድምፁን ልስማ ብሎ አስተርጓሚውን አስከትሎ እሑድ ከሰዓት መጣ።

ካፒታኑ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አስተርጓሚው ሐማሴን የተወለደ፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ጨዋ ሰው ነው። እታገኘሁ የመረጥኩት እኔ ነኝ ብላ አስተረጎመች። በገናውን ሳነሣ ከእጄ ነጠቀችኝ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚደረድረው የቤቱ ታላቅ ነው አለች። በዕድሜዋ ነክታው አታውቅም። በአሥሩም ጣቶቿ ሱፍ እንደምትባዝት ቧጠጠችው። ላብ ሲያጠምቃት ግንባሯን ጠረገች፤ አፍንጫዋንም ጠረገች። ፊቷ እንደ ድስት ቂጥ ሲጠቁር፣ ጣቷ ያለፈበት አውታር እንደ መስተዋት ነጣ።

ካፒታኑ ገበቴውን ይዞ ጎንበስ አለ። እሷም ጎንበስ አለች። ሽቦውን አየች፣ ጣቷን አየች፣ ገባት። ሞኝ አልነበረችም፤ ያ ነው የሚያናድደኝ።

ካፒታኑ አንድ ነገር ጠየቀ። "ይህን የመረጠው ማን ነው ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

"እኔ ምን አውቄ፣ ጌታዬ" አለች እታገኘሁ። "የወንድሜ ሚስት ናት የመረጠችው።"

አያሌው ተነሥቶ ከፊቴ ቆመ። አውታሩ ከምን እንደተሠራ ተጠየቅሁ። ከበግ አንጀት ነው አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አስተርጓሚው አንዱን አውታር በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ጥላሸቱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ እኔ ከተናገርኩት በጣም የረዘመ ነገር ለካፒታኑ ተናገረ። ካፒታኑ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ በሩን አልፎ ሄደ።

አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት አለና "በአባ ሰንጋ የሞተ በግ አንጀት ነው፣ የጠቆረውም ለዚያ ነው ብያቸዋለሁ" አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ደግሞ "እመቤቴ፣ ከዚያ መንጋ ሁለተኛ እንዳታርዱ" ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

እታገኘሁ ፊቷን ታጠበች። ይቅርታ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ የኑግ ዘይቱን አባከንሽ አለችኝ።

ጣልያን ወጣ። አርበኞች ቡሬ ሲገቡ በእኛ ግቢ ድግስ ተደገሰ፤ እኔም በገናውን አወጣሁ። እታገኘሁ መሀል ቆማ የጣልያንን ሽቦ በጣልያን አፍንጫ ሥር እንዴት መርጣ እንዳስገዛች፣ እኔ ፊቴን ግድግዳ ላይ አዙሬ ስንቀጠቀጥ እንዴት እንዳበረታታችኝ ተናገረች። እልልታው ቀለጠ። ስትሞትም የተለቀሰላት በዚሁ ነው፤ አልቃሿ በገናዋን ከነሽቦው ስታነሣ እኔም ደረቴን ደቃሁ። ምን አደርጋለሁ? ከለቅሶ መሀል ተነሥቶ የሚከራከር የለም።

እንግዲህ ቡሬ ሄዳችሁ ብትጠይቁ በገናውን የመረጠችው እታገኘሁ ናት። እኔ መራጭ የነበርኩት ለአንድ እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም ለመሰቀል።