ያለ አስተርጓሚ የተናገርኩ ቀን

ጢሙ ከሸበተ በኋላ ባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አላህ አያሳያችሁ። በገዛ ልጁ ፊት መልመጃ ደብተር ዘርግቶ፣ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሹሎ፣ አንዲት አናባቢ ለማውጣት ሲያምጥ ያየ ይስቅ ወይስ ያልቅስ ግራ ይገባዋል። እኔ ደች የጀመርኩት በአርባ አምስት ዓመቴ ስለሆነ ሳቁም ለቅሶውም ደርሶኛል። ታዲያ ሰው ሁሉ «ቋንቋ ማወቅ ምን ይጎዳል?» ይለኛል። እናንተም እንደዚያው ትሉ ይሆናል። ይጎዳል ጌቶቼ! ቆዩማ፣ እንዴት እንደሚጎዳ ልንገራችሁ።

ደስታ የለውም አልልም፤ ውሸታም አታድርጉኝ። የምኖረው ዞተርሜር ነው፤ የምሠራው ሮተርዳም ወደብ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና እየነዳሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዴንሃግ ሄጄ እማር ነበር። ያቺ ደቾች ከጉሮሯቸው ፍቀው የሚያወጧት «ኽ» ክፍሉን በሙሉ ስታስለው፣ እኔ ደሴ ቁርአን ስቀራ ያደግሁባት ስለሆነች አንደኛ ወጣሁ። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር የገባኝ ዓረፍተ ነገር ባቡሩ እንደማይመጣ የሚናገረው የጣቢያ ማስታወቂያ ነው። ያን ቀን ባቡር ቀርቶበት የፈነጠዘ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለብቻዬ ፈገግ ስል አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ክፉኛ ገላመጠችኝ፤ ሥራም አርፍጄ ገባሁ።

ግን ለደስታው ብዬ አይደለም የተማርኩት። ለልጄ ለሐያት ብዬ ነው። አንድዬ ልጃችን ናት፤ እዚህ አገር ስንመጣ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ዓመት ሳይሞላት ደችን እንደ ውኃ ጠጣችው። ከዚያ በኋላ እኔና ባለቤቴ ዘሃራ አፋችንን ለሷ አስረከብን። ማዘጋጃ ቤት ሐያት፣ ሐኪም ቤት ሐያት፣ የራሷ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራም ሐያት። አንድ ቀን ዘሃራ ማህፀኗን አሟት ሐኪም ዘንድ ገባች፤ የእናቷን ሕመም ለሐኪሙ የምታስረዳው የስምንት ዓመት ልጅ ናት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በበሩ በኩል ያቺን ቀጭን ድምፅ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ወንድ ከሆንኩ ይህን ቋንቋ ተምሬ ልጄን ከዚህ ጣጣ አወጣታለሁ» ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ለፈተናው ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው፣ ጆሮ ማዳመጫ ጭነው፣ ሰው ለሌለበት ስክሪን «ምን ዓይነት አየር ይወዳሉ?» የሚል ጥያቄ አስመለሱኝ፤ ሁሉንም አለፍኩ። ዘሃራ የምስክር ወረቀቱን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለችው።

እንግዲህ በዚህ አገር ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አስተማሪው የወደፊት መንገዱን ይጽፍለታል። ሃቮ ከተባለ ወደ ኮሌጅ የሚያስገባው ነው፤ ፌኤምቤኦ ከተባለ ወደ እጅ ሙያ። ሐያት አዋላጅ መሆን ነው የምትፈልገው፣ እሱ ደግሞ ሃቮ ይጠይቃል። ፈተናም አለ፤ ዋናው ግን የአስተማሪዋ ቃል ነው። ለዚሁ ጉዳይ ለአሥር ደቂቃ ተጠራሁ። ሐያት እንደ ልማዷ አብራኝ ልትገባ ስትል በሩ ላይ አቆምኳት። «ዛሬ አባትሽ አፍ አለው፤ እዚህ ጠብቂኝ» አልኳት። እንዴት ኮርቼ እንደተናገርኩ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያመኛል።

ልጆቹ ዩፍ ሳስኪያ የሚሏት አስተማሪዋ ቡና ሰጠችኝና ነገሩን ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነገረችኝ። ሐያትን ሃቮ ልትልክ ፈልጋለች፣ ግን አመንትታለች፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነች ከወላጅ መስማት ትፈልጋለች።

አሁን ፍረዱኝ። እኔ ባደግሁበት ቀዬ አባት የገዛ ልጁን በሰው ፊት አያሞግስም። ነውር ነው። የሰው ዓይንም አለ። ሰው ልጅህን ሲያነሳብህ «ኧረ እሷ ምኗ ይወራል!» ትላለህ፤ አስተማሪው ደግሞ «ምን ማለትዎ ነው? እንደሷ ያለ ልጅ የት ይገኛል!» ብሎ ይቆጣሃል፤ አንተ እያቀረቀርክ ውስጥህ ቅቤ ይጠጣል። ሁሉም ሰው ድርሻውን ያውቃል። ስለዚህ አንገቴን ሰበር አድርጌ ጀመርኩ። ሰነፍ ናት አልኩ። ሥራዋ ስልኳን ታቅፎ መዋል ነው አልኩ። መጽሐፍ አትወድም አልኩ፤ ቁርስ ላይ እንኳ መጽሐፍ ከእጇ የምንቀማትን ልጅ! መጨረሻ ላይም «እርስዎ ያውቃሉ፤ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብዬ አሳረግሁ፤ ከዚያ ቁጣውን መጠበቅ ነው።

አልተቆጣችም። ራሷን እየነቀነቀች ጻፈች። ስትሸኘኝ «ደችዎ እንዴት ያምራል!» አለችኝ። እኔ ሞኙ እየበረርኩ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ትራም ውስጥ ሐያት ምን እንደተባባልን ጠየቀችኝ። እየሳቅሁ አንድ በአንድ ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«አባ፣ እንደዚህ ብለህ ነገርካት? በደች?»

«ታዲያስ! አንድ ቃል አልሳትኩም።»

«አንተ እኮ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትለው» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ። «እኔ ነኝ የማልነግራቸው። ‹አባቴ በጣም እኮራባታለሁ ነው የሚለው› እላቸዋለሁ።»

ምን ልበላችሁ? አምስት ዓመት ሙሉ በልጄ አፍ ልጄን ሳሞግስ ኖሬያለሁ፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የአስተማሪዋ ውሳኔ ያለበት ወረቀት መጣ፤ ፌኤምቤኦ ይላል። ዳግም ልነጋገር ብዬ ለመንኩ፣ ቀጠሮ ሰጡኝ። «ልጄ ጎበዝ ናት» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሳምንት ሙሉ ፎርክሊፍቱ ላይ ተለማመድኳት። በደች አራት ቃል ናት። ፈተናው ላይ ከመጣው ሁሉ እሷ ከበደችኝ፤ አፌ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ማድ ቤት ሆኜ አንዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ብላት፣ ዘሃራ ደንግጣ «ኧረ ማሻአላህ በልባት!» ብላ ጮኸችብኝ።

በቀጠሮው ቀን ሐያትን ይዤ ገባሁ። ልጄ ጎበዝ ናት አልኩ፤ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ። ዩፍ ሳስኪያ ስክሪኗን ወደኛ አዞረችው። ያኔ የተናገርኩት በሙሉ ተጽፏል፤ ስንፍናው፣ ስልኩ፣ መጽሐፍ መጥላቱ። ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ አነበበችው። በእኛ ዘንድ አባት ልጁን በሰው ፊት እንደማያሞግስ፣ ያኔ የተናገርኩት ወግ መሆኑን፣ እውነት እንዳልነበረ ባለኝ ደች ሁሉ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። እስክጨርስ ሰማችኝና በቅንነት ጠየቀችኝ።

«ገባኝ። ያኔ ለወግ ብለው እውነት ያልሆነ ነገር ነገሩኝ። ዛሬስ እውነቱን እንደሚነግሩኝ በምን ልወቅ?»

ያችኑ አራት ቃል ደገምኩላት። እሷም ራሷን እየነቀነቀች መጻፍ ጀመረች።

ሐያት መስከረም ላይ ፌኤምቤኦ ገባች። አልተቀየመችኝም፤ ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሐኪም ቤትም ሆነ ማዘጋጃ ቤት «ነይ አብረን እንሂድ» ስላት ከመጽሐፏ ቀና ሳትል ነው የምትመልስልኝ።

«ራስህ ንገራቸው፣ አባ። ደች ትችል የለ?»