ለአያና የተመረጠው ፍራሽ

ቤተ መንግሥት ያሠራ ሰው ስሙ ይነሣል፤ ድልድይ ያሠራም ይነሣል። ለሶፋ አልጋ ፍራሽ የመረጠ ሰው ግን እስከ ዛሬ አንድም መታሰቢያ አልቆመለትም። ይህ ትልቅ ግፍ ነው። እንግዲህ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና የቁስቋሙ አያ አድማሴ የሠራውን ሥራ ስሙ፤ ግፉ ቢያንስ በእኛ በኩል ይቃለል።

አያ አድማሴ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሶፋ አለው። ሶፋው ቀን ቀን መቀመጫ ነው፤ ሲመሽ ከሆዱ ይሳብና አልጋ ይሆናል። ሁለት የሥራ መደብ ደርቦ የያዘ ሶፋ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ ደርቦ ያዦችም አንዱንም በቅጡ አይሠራም። በላዩ ያለው ፍራሽ አሥራ ሁለት ዓመት ስላገለገለ ስፖንጁ ሳስቶ ጋቢ አክሏል። የተኛበት እንግዳ ከሥር ያሉትን ብረቶች በጎኑ እየቆጠረ ያድራል። ሆኖም በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም። ጠዋት እንግዳው ሲነሣ አያ አድማሴ «ተመቸህ?» ይላል፤ እንግዳውም ባንድ እጁ ወገቡን ደግፎ፣ «ኧረ በጣም ሸጋ ነው! እንደ ቤቴ ነው የተኛሁት» ይላል። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይምጣ?

ይህ መልካም ስም የተናጋው አምና በጥር፣ አያና በመጣ ጊዜ ነው።

አያና የአያ አድማሴ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ የወለቃው ብረት ሠሪ ልጅ። ቤተ እስራኤል ናቸው። የአያና አባት ማረሻ ይሠራል፤ የአድማሴ አባት በዚያ ማረሻ ያርሳል፤ ልጆቹ ደግሞ ሁለቱም አባቶች የከለከሏቸው ወንዝ ውስጥ አብረው ይዋኛሉ። አባቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ተከባብረው ሲኖሩ፣ አንዱ ከአንዱ ጣሪያ ሥር ሳያድር ሞቱ። የየእምነታቸው ሥርዓት እንደዚያ ነበር። ከዚያ አያና በሰማንያ ሦስት ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል ገባ፤ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ሸብቶ ተመለሰ። አያ አድማሴ ገና ሲያቅፈው፣ «አባቶቻችን ያላደረጉትን እናደርጋለን። እኔ ቤት ታድራለህ» አለው።

አደረም። አንድ ሌሊት። በማግሥቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ «ትንሽ ጉዳይ አለብኝ፤ ለፒያሳ ብቀርብ ይሻላል» ብሎ ሆቴል ገባ።

አያ አድማሴ ዓመቱን ሙሉ ይህች ነገር ስታብሰለስለው ከረመች። ሰው ጉዳይ አይኖረውም አይባልም፤ ነገር ግን ከቁስቋም ፒያሳ ስንት ሰዓት መንገድ ነውና ነው? ዘንድሮ አያና ደወለ። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ፣ ስምንት ቀን እቆያለሁ አለ።

«የት ታርፋለህ?» አለው አያ አድማሴ።

«ሆቴሉ ደኅና ነው፤ ክፍልም ይዣለሁ» አለ አያና።

አያ አድማሴ ስልኩን ዘጋና ዞሮ ሶፋውን አየው። ጥፋተኛው ተገኘ። ምስክር አልተሰማ፣ ክስ አልተነበበ፤ ፍርዱ በዚያው ተሰጠ።

ወዲያው ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ስብሰባውን የመራው የሴት ልጁ ባል ምንይችል ነው። ምንይችል በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው፤ የምን ባለሙያ እንደሆነ እሱም ተናግሮ አያውቅም፣ አማቶቹም ደፍረው አልጠየቁትም። ጉሮሮውን ጠረገና እንዲህ አለ፤

«የችግሩን ሥረ መሠረት በጥልቀት ለይተን፣ የባለድርሻ አካላትን ተሳትፎ አረጋግጠን፣ ዘላቂና አስተማማኝ የፍራሽ መፍትሔ ማስቀመጥ ይጠበቅብናል።»

«ፍራሽ እንግዛ ነው የምትለው?» አለች የአያ አድማሴ ሚስት ሐረገወይን።

«በአጭሩ ሲገለጽ፣ አዎ እማማ።»

«ታዲያ ምነው በአጭሩ ብትገልጸው?» አለችና ወደ ባሏ ዞረች። «ቆይ፣ ለምን እንደወጣ ደውለን አያናን ራሱን ብንጠይቀውስ?»

አያ አድማሴ እጁን አወናጨፈ። «አንች ሴት፣ አብደሻል? ሰው እንግዳውን ‹ለምን ሸሸኸኝ› ብሎ ይጠይቃል? ነውር አይደለም?»

ነውር መሆኑን ጉባኤው በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ነገሩን የሚያውቀውን አንድ ሰው ላለመጠየቅ ከተስማሙ በኋላ ሥራው ተቃለለ።

ቅዳሜ ለት ልዑካኑ ቅዳሜ ገበያ ወረዱ። አያ አድማሴ አለ፤ ሐረገወይን አለች፤ ምንይችል ማስታወሻ ደብተር ይዟል። ጎረቤታቸው አያ ዕንባቆም ደግሞ፣ ማንም ባይጠራውም፣ ስለ ፍራሽ አውቃለሁ ብሎ ተከትሏል። የፍራሽ ሱቋ ባለቤት ፅዮን ትባላለች፤ ምላሷ ፈጣን፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት።

«ለምን ነበር የፈለጋችሁት?»

«ለእንግዳ» አለ አያ አድማሴ።

«እሱስ ገብቶኛል አባቴ። ለምን ዓይነት አልጋ?»

«ለሶፋ አልጋ» አለች ሐረገወይን።

«እንግዲያ ቀላል ነው። የሶፋ አልጋ ከአሥር ሳንቲ በላይ አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ አይታጠፍም። ይች ባለ አሥሯ ስፖንጇ ጠጠር ያለ ነው፤ ብረት አታስነካም። ይተኙባትና ይዩዋት።»

አያ አድማሴ ዙሪያውን ተመለከተ። ያገሩ ሰው ሁሉ ያልፋል።

«እዚህ? ሰው እያየኝ?»

«ፍራሽ ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«ልጄ፣ እኔ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ገበያ መሀል ተጋድሜ ቢያዩኝ ወይ ታሟል ነው የሚሉ፣ ወይ ጠጥቷል።»

«እርስዎስ?» አለችው ምንይችልን።

«የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች በዚህ በኩል ያልፋሉ» አለ ምንይችል፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሐረገወይንንማ ማንም አልጠየቃት፤ እሷም ጥያቄውን ፈርታ አስቀድማ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትራሶቹ ዞር ብላለች።

ስለዚህ ምርመራው ክብርን በጠበቀ መንገድ ተካሄደ። አያ አድማሴ ፍራሹን በመዳፉ ተጫነው። አያ ዕንባቆም በጡጫ መታውና ጆሮውን ደቀነ፤ ምን ሊሰማ እንዳሰበ አልተናገረም። ምንይችል አሸተተው፤ «አዲስ ነው» ብሎም ጻፈ። አንድም ወገብ ሳያርፍበት የወገብ ጉዳይ በዚህ ሁኔታ ተጠንቶ አለቀ።

የቀረው ውፍረቱ ነው። አያ አድማሴ ባለ አሥሯን አንሥቶ በሁለት ጣቱ ለካት፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ይችን ነው ለአያና የማነጥፍለት? ከስንት ዘመን በኋላ ባሕር ተሻግሮ ለመጣ ሰው፣ ይችን ስንዝር እንኳ የማትሞላ?»

«እኔ ለአማቾቼ ባለ አሥራ አምስት ነው ያነጠፍሁ» አለ አያ ዕንባቆም፣ ወደ ጣሪያው እያየ።

በቃ፤ ነገሩ ያኔ አለቀለት።

«ከሁሉ ወፍራሙ የትኛው ነው?»

«ባለ ሠላሳ አለ» አለች ፅዮን። «እሱ ግን ለትልቅ የእንጨት አልጋ ነው።»

«እሱ ይሁን።»

«አባቴ፣ ሶፋው አይታጠፍም እያልሁዎት!»

«እኔ አያናን ላጥፈው ነው እንዴ? እንዲመቸው ነው የምሻ!»

ፅዮን ፍራሹን በገመድ አሰረችላቸው።

ፍራሹ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወደ ቁስቋም ሲወጣ ለማየት ያልቆመ ሰው አልነበረም። ከባጃጇ እሱ ይበልጣል። አያ አድማሴ በጎን እጁን አውጥቶ ገመዱን ይዟል። በየመንገዱ የሚያውቁት ሰዎች፣ «ምነው አያ አድማሴ፣ ማን ታመመባችሁ?» ይሉታል። እሱም ከውስጥ፣ «ደኅና ነን! የክብር እንግዳ አለብን!» እያለ ይመልሳል።

ቤት ሲደርስ ሶፋው ተዘረጋ፤ አሮጌው ወጣ፤ አዲሱ ገባ። ቁመቱ ከመስኮቱ ደፍ እኩል ሆነ። ከዚያ «እስኪ ይታጠፍ» ተባለ። አልታጠፍም አለ። ምንይችል ተቀመጠበት፤ አያ ዕንባቆም ተደረበ፤ አያ አድማሴ በጉልበቱ ገፋ። ከሆዱ ውስጥ አንድ ብረት «ቋ!» አለ።

ምንይችል ተነሥቶ ኮቱን አራገፈ። «ሶፋው የመታጠፍ አገልግሎቱን ላልተወሰነ ጊዜ አቋርጧል» አለ። «የመዘርጋት አገልግሎቱ ግን ያለ ምንም መቆራረጥ ቀጥሏል።»

ሳሎኑ ከዚያ ወዲያ ሳሎን አልሆነም። ሊጠይቅ የመጣ ጎረቤት ሁሉ በርጩማ ረግጦ ፍራሹ ላይ ይወጣና እግሩን አንጠልጥሎ ይጫወታል። በዚያ ላይ ፍራሹ የመጣበት ፕላስቲክ አልተነሣም፤ ሐረገወይን አንሶላውን በላዩ አንጥፋለታለች። «ይነሣ?» ሲሏት፣ «ምን ሲደረግ! አዲስ መሆኑ ታዲያ በምን ይታወቃል?» ትላለች። ሰው በተነቃነቀ ቁጥር ሽምብራ የሚቆላ ይመስላል። አያ አድማሴ ግን ጠዋት ማታ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ልቡ ይሞላል። አሁን እንግዲህ አያና በምን ምክንያት ይሄዳል?

አያና መጣ። አያ አድማሴ አዘዞ ድረስ ወርዶ ከአውሮፕላን ጣቢያው ተቀበለው፤ «ሆቴልህ አይሸሽም፤ መጀመሪያ አንዴ እየው» ብሎም በቀጥታ ወደ ቤት አመጣው። እኩለ ቀን ነው። አያና ጫማውን አወለቀ፤ በርጩማውን ረገጠ፤ ፕላስቲኩ እየተንጫጫ ወጥቶ ተጋደመ። አያ አድማሴ፣ ሐረገወይን፣ ምንይችልና አያ ዕንባቆም በራስጌው ተደርድረው ቁልቁል ያዩት ጀመር።

«ተመቸህ?» አለ አያ አድማሴ።

«ተመቸኝ።»

«ወገብህንስ?»

«ወገቤም ደኅና ነው።»

«ከፍ አላለብህም?»

«አላለም።»

«ትራስ ይጨመርልህ?»

«ይበቃኛል።»

«እርግጥ ግን ተመችቶሃል?»

ፕላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። አያና ተነሥቶ ቁጭ አለ።

«አድማሴ፣ እንዳትቀየመኝ።»

«በእኔና ባንተ መሀል ምን ቅያሜ አለ? ተናገር።»

«አምና የተኛሁበት ፍራሽ ምንም አልነበረውም።»

«ብረቱስ?» አለ አያ አድማሴ።

«እኔ ብረት ሠሪ ነው ያሳደገኝ፤ ከብረት ልሽሽ? አንተ ነህ ያስወጣኸኝ! ዓይኔን በከደንሁ ቁጥር መብራቱን ታበራና ‹ተመቸህ?› ትለኛለህ። ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬብሃለሁ። በዘጠነኛው እንቅልፍ ይዞኝ ነበር፤ ቀስቅሰህ ‹እንቅልፍ ወሰደህ ወይ?› አልኸኝ።»

«እሰይ!» አለች ሐረገወይን፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ። «አርባ ዓመት ይህን የሚናገርልኝ ሰው ሳጣ!»

አያ አድማሴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ድምፁ አነሰ። «እንዳትሄድብኝ ብዬ እኮ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለ አያና። «ስለማውቅ ነው አምና ያልነገርሁህ።»

«ዛሬ እደር። በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አንዲት ቃል አልጠይቅህም።»

«እስኪ እንይህ» አለችና ሐረገወይን አያናን መልሳ አስተኛችው።

ሁሉም ዓይናቸውን አያ አድማሴ ላይ ተከሉ። አያ አድማሴ ከንፈሩን ነከሰ። ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ፤ ግንባሩ ላቡን አወጣ።

«ብርድ ብርድ አይልህም?» አለ።

ጉባኤው በዚያው ቁሞ ውሳኔውን አሻሻለ። «የችግሩ መንስኤ ከፍራሽ ወደ አባወራ መሸጋገሩ ተረጋግጧል» አለ ምንይችል። ሐረገወይን ግን ቃል አላባከነችም። ጓዳ ገብታ የባሏን ጋቢና አንድ ቅያሪ ሸሚዝ በቦርሳ ከታ ተመለሰችና አያ አድማሴ እጅ ላይ ሰቀለችለት።

«እንግዳው ከሚሄድ አንተ ሂድ። ሆቴሉ እንደሆነ ተይዟል።»

እንዲህ ሆኖ አያና በአያ አድማሴ ጣሪያ ሥር ስምንት ሌሊት ለጥ ብሎ ተኛ፤ አያ አድማሴም በአያና ስም በተያዘ ክፍል ውስጥ ከረመ። አያና ጠዋት ጠዋት ወደ ሆቴሉ ይወርዳል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳቦ በሻይ ይዘው በዚያ ወንዝ ውስጥ ማን ቀድሞ ይሻገር እንደነበር ሲከራከሩ ይውላሉ።

«አባቶቻችን ያላደረጉትን አደረግን» አለ አያ አድማሴ በመጨረሻው ቀን፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«ግማሹን» አለ አያና። «ለግማሹ ሌላ ዓመት እመጣለሁ።»

እዚህ ላይ ማብቃት ይቻል ነበር። ምንይችል ግን ነገሩን ጽፎ፣ ምርጥ ተሞክሮ ነውና ይስፋፋ አለ። አያ ዕንባቆምም በፍራሽ የተበለጠውን በዚህ ሊበልጥ ፈልጎ፣ አማቾቹ ከሳንጃ ሲመጡ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። እሱን ያዩ ሌሎቹም ‹እኛ ከማን አንሰን› አሉ። ፋሲካ ሲደርስ በቁስቋም እንግዳ መጥቶበት ከቤቱ ያልወጣ አባወራ እንግዳ የማያከብር ተብሎ ይታማ ጀመር።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ሻንጣውን እየጎተተ እዚያው ሆቴል ደረሰና አልጋ ጠየቀ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ መዝገቧን ገለጠች፣ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችና በትሕትና አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ክፍሎቹን ሁሉ የሰፈሩ አባወራዎች ይዘዋቸዋል። እርስዎ እንግዳ ከሆኑማ እባክዎ ሰው ቤት ይሂዱ።»