ወይዘሮ ታቢታ የቀይ ሞተራቸውን ፑንተሪያ በሁለት የጢም ምላጭ እንዳስተካከሉ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ ቤንዚን በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌ፣ ሳሙና በዕድል በሚገኝበት፣ የጢም ምላጭ ግን ከነጭራሹ ከሱቅ ተሰውሮ ወንዱ ሁሉ ባሕታዊ በመሰለበት ወራት፣ ይህ ዜና ስለ ወይዘሮ ታቢታ ኩማ ተጻፈ፤ እርሳቸውም የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አመላላሽ፣ የሐዋሳው የአዲስ ከተማ ሰፈር መጥበሻዎች ተስፋ፣ በቀሚስ ማርሽ ቀያሪ፣ «ተይ» ሲባሉ የማይተዉ፣ ሰፈሩ እንደ ፈረስ ስም «እመ ቀይ» ብሎ የሰየማቸው ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሞተሯ አመጣጥ ይነገር። ሐይቅ ዳር ሙሴ ካርሎ የሚባል ጣልያን ይኖር ነበር፤ ወይዘሮ ታቢታ ልብሱን ያጥቡለትና ይተኩሱለት ነበር፤ እሱም እሑድ እሑድ ቀይ የእሽቅድድም ሞተሩን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ሆዷን ከፍቶ፣ እየዘፈነ ሲጎረጉር፣ እርሳቸው ሸሚዝ እያሰጡ በዓይናቸው ይከተሉት ነበር። አብዮቱ መጥቶ ሙሴ ካርሎ ሻንጣውን ባነሣ ጊዜ ሞተሯ ሻንጣ ውስጥ አልገባ አለችውና ከነሊብሬዋ ለእርሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ሰዉ ሁሉ «ትሸጣታለች» ሲል፣ እርሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው፣ ሁለት ጊዜ ወድቀው ሦስተኛውን ተነሥተው፣ በገበያው መካከል ሲያልፉ ታዩ። ከዚያ ወዲህ ለእሽቅድድም የተፈጠረችው ሞተር በየማለዳው ቅርጫት ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ተሸክማ ከሐይቅ ዳር አዲስ ከተማ ትገባ ጀመር፤ ከኋላዋም ድመት እንጂ ሌላ ሞተር ተከትሏት አያውቅም።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ በሚያዝያ ወር፣ ሞተሯ ታመመች። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ቆሎ ሊያደቅ ሲታገል እንደሚሰማው ያለ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ከሆዷ ይወጣ ጀመር። ነገሩ ፑንተሪያዋ ነው። ላልሰማ ይሰማ ዘንድ፣ የሞተር ራስ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉት፤ አንደኛው ነዳጅ ያስገባል፣ ሁለተኛው ጭስ ያስወጣል፤ ቫልቭ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዱንም ከላይ እየመታ የሚከፍት የብረት ጣት አለው፤ በጣቱና በበሩ መካከል ያለው፣ ፑንተሪያ የሚባለው ክፍተት በሰፋ ጊዜ ጣቱ በሩን እንደ ባለዕዳ ቤት ያንኳኳል።

ይህን ድምፅ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምሳሉ ሰሙ። ጓድ አምሳሉ ማለት በዚያ ሁሉ የጢም ዘመን ፊታቸው እንደ እንቁላል የሚያበራ፣ ካኪያቸው የማይጨማደድ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ደህና አደራችሁ እንኳ የማይሉ ሰው ናቸው። ባለፈው መስቀል «ለምርመራ» ብለው ሞተሯ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ምርመራው አልቆ እንኳ ሁለት ጊዜ ካልተለመኑ አልወረዱም። አሁንም የቀበሌው በር ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የቀበሌያችን ነዋሪዎች፣ ስሙ። የወይዘሮ ታቢታ ሞተር የሰፊውን ሕዝብ ሰላም እየነሣች ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌው ግቢ ትቅረብ። ተስተካክላ ከተነሣች ባለቤቷ ይዘዋት ይመለሱ። አልነሣም ካለች ግን ሥራ የፈታ ንብረት ናትና ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት ትውላለች። እኔው ራሴ ነድቼ እፈትሻታለሁ።»

ሰዉም አጨበጨበ፤ ይጨበጨብ ነበርና። ያ ሰፊ ሕዝብ የሚባለው ግን የጓድ አምሳሉ መቀመጫ እንደሆነ ከአጨብጫቢው ያልገባው አልነበረም።

ወይዘሮ ታቢታ ይህን በሰሙ ጊዜ እህል አልበላ አላቸው። ዓሣ በራስ ተሸክሞ ከሐይቅ ዳር መምጣትን ያውቁታል፤ ሞክረውታል፤ አዲስ ከተማ ሲደርሱ ፀሐይ ቀድማቸው ትሰለቅጠዋለች፤ የሸተተ ዓሣ የሚወድ ደግሞ ድመት ብቻ ነው፣ ድመት መቼም አይከፍልም። ሞተር አዋቂው መካኒክ ደግሞ ዘምቷል። ስለዚህ በግቢያቸው መካከል ቆመው «እኔው እፈታታለሁ፤ የፈታኋትንም እኔው እገጥማታለሁ፤ ዓይኔ ሲያየው የኖረ ነገር ነው» ብለው አወጁ። ባለቤታቸው አቶ ታምሩ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው፣ ከደጃፉ ላይ ሌላ አዋጅ መለሱ፦ «ታቢታ፣ ያችን ሞተር ከነካሻት እኔን እዚህ ቤት አታገኚኝም። ይኼ የመጨረሻ ቃሌ ነው።» ብለውም ወጡ፤ የመጨረሻ ቃላቸውም እስከ ምሳ ሰዓት ጸና።

በይእቲ ዕለት ሐሙስ የመጀመሪያው ዘመቻ ተከፈተ። የተሰለፈው የጦር መሣሪያ አንድ ካቻቪቴ፣ ሁለት መፍቻ፣ እጀታው የተጣመመ ሹካ፣ ለማስፈራሪያ ያህልም መዶሻ ነበር። የተሰለፈውም ሠራዊት በቀኝ በኩል የሰፈር ሴቶች ከነአስተያየታቸው፣ በግራ በኩል ድመቶች ከነተስፋቸው፣ ከአጥሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሐይቁ ሽታ ተከትለው የመጡ ራሰ በራ አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች፣ እንደ ካህናት ክንፋቸውን ሰብስበው። ወይዘሮ ታቢታ የሞተሯን ክዳን ከፍተው፣ የጮኸውን ጣት አገኙት፤ አገኙትና እንዲህ አሰቡ፤ የሚንኳኳ ነገር ላልቷል፣ የላላ ነገር ይጠብቃል፤ በየስብሰባው ሌት ተቀን «እንጠናከር» ሲባሉ ኖረው የለ። አስገቢውንም አስወጪውንም ጣት ከበሩ ጋር እስኪላተም፣ ክፍተት የሚባል እስኪጠፋ አጠበቁት፤ ጣቱን የሚያስረውን ዳዶ በሙሉ ክንዳቸው ቆለፉት፤ ክዳኑን ገጠሙና ማስነሻውን ረገጡ።

ወኮነ ዐቢይ ጸጥታ። ቀጭ የሚለው ድምፅ ጠፋ፤ ከነሞተሩ ጠፋ። ቢረግጡ አልነሣ፣ ቢሰድቡ አልነሣ፣ ላስቲክ ጫማቸው ከእግራቸው አምልጦ ቆርቆሮው ላይ እስኪወጣ ቢረግጡ እንኳ አልነሣ አለች። ጓድ አምሳሉ ለካ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ኖሯል፤ ድምፅ ማጉያውን በአጥሩ ላይ አሻግረው፦ «ጓዲት ታቢታ፣ ድምፁን በማጥፋትዎ ቀበሌው ያመሰግንዎታል። ቅዳሜ እንገናኝ» አሉ። አባ ኮዳዎቹ እንኳ በድንጋጤ ተነሡ።

ወይዘሮ ታቢታ ባዶ ቅርጫታቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። አላለቀሱም፤ ማልቀስ ይዳዳቸው ነበር፣ ግን ሴቶቹ እያዩ ነበር። ዓይናቸውን ሞተሯ ላይ ተክለው ሲያስቡ፣ ሲያስቡ፣ የሙሴ ካርሎ አንድ እሑድ ትዝ አላቸው። ያን ዕለት ጣልያኑ በጣቱና በበሩ መካከል የሚያሾልካት ስስ ብረት ጠፍታበት፣ የሚሰድበውን ሁሉ በአገሩ ቋንቋ ሰድቦ ሲጨርስ ገባና የጢም ምላጩን ይዞ ወጣ፤ ምላጯን በአስገቢው በኩል ነጠላዋን፣ በአስወጪው በኩል ሌላ ደርቦባት ድርቧን እያሾለከ ለካ። «ብረት ሲሞቅ ያብጣል፤ ማበጫ ካልተውሽለት በሩ አይዘጋም» ብሎ በእጁ እያሳየ ያስረዳቸው ያኔ ነው፤ ያኔ ግን የሸሚዝ ኮሌታ ይበልጥባቸው ነበር። አሁን ገባቸው። ትንሽ ቀጭ ማለት የሞተር በሽታ አይደለም፤ ትንፋሽዋ ነው። እርሳቸው ያጠናከሩት በማነቅ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ምላጭ ተፈለገ፤ ምላጭ በሌለበት ዓመት።

አንደኛው በቤት ነበር። አቶ ታምሩ ከገና ጀምሮ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ደብቀው ለክፉ ቀን ያኖሩት ምላጭ ነው፤ ለቅዳሜው ስብሰባ ሊላጩበትም አስበው ነበር። ቆርቆሮው ተከፍቶ ባዩ ጊዜ በግቢው መካከል ቆመው አወጁ፦ «ሕዝብ ይስማኝ። ይህ ጢም የእኔ ነው፣ ይህ ምላጭ የእኔ ነው፣ ያቺ ሞተር ግን አንድ ቀን እንኳ ከኋላዋ አስቀምጣ አልወሰደችኝም።» ወይዘሮ ታቢታም በአጭሩ መለሱ፦ «ጢሙ ቢላጭም ባይላጭም ይበቅልልሃል፤ ሞተር ግን አይበቅልም። አምጣ።» አቶ ታምሩ አመጡ።

አርብ ዕለት ያጠበቁትን ሁሉ አላሉት፤ እሳት ጫሪውን ካንዴላ ፈቱ፤ በቀዳዳውም የመጥረጊያ ሰንበሌጥ አስገብተው፣ ማስነሻውን በእጃቸው ቀስ እያሉ ገፉት፤ ሰንበሌጡ ከውስጥ ከሚወጣው ከሚወርደው ፒስተን ጋር ከፍ ከፍ ብሎ ጫፍ ሲደርስ፣ ሁለቱም በሮች እንደተዘጉ አዩ፤ የአቶ ታምሩን ምላጭ በአስገቢው ጣት ሥር አሾልከው፣ እንደ ሰላምታ ጨበጥ አድርጎ እስኪለቃት ድረስ አስተካከሉና ቆለፉ። አስወጪው ግን ሁለተኛ ምላጭ ይጠብቅ ነበር፤ በቀበሌው ውስጥ ደግሞ ጢም የሌለበት የወንድ ፊት አንድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ በማለዳ ወይዘሮ ታቢታ ሁለት ቆሮሶ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ እንደ መልእክተኛ ግርማ ለብሰው፣ በጓሮ በኩል ወደ ጓድ አምሳሉ ሚስት ወደ ወይዘሮ ሮማን ዘንድ ሄዱ። የመጡበትንም ነገር በአጥሩ ቀዳዳ ተናገሩ። ወይዘሮ ሮማን ዓሣውን ተቀበሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይህን አወጁ፦ «እትዬ ታቢታ፣ እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ያ ሰውዬ ሞተር ካገኘ ግን ከሐይቅ ዳር ሙዚቃ ቤት የሚመልሰው የለም። በእግሩ እየሄደ እንኳ ስንቴ አጥቼዋለሁ። እዚችው ቆዩኝ።»

በዚያች ሰዓት ጓድ አምሳሉ መስታወት ፊት ነበሩ። ግራ ጉንጫቸውን ተላጭተው ጨርሰዋል፤ ቀኙን በብርቅ ሳሙና አረፋ ለውሰውታል። የአብዮት ጥበቃው የድምፅ ማጉያው የባትሪ ድንጋይ አልቋል ብሎ በፊት በር ጠራቸው፤ ወጥተው አዲስ ሰጡት፤ ሲመለሱ መላጫው ባዶውን ተጋድሟል። ወይዘሮ ሮማንም እጃቸውን አጣምረው፣ «ምላጩ ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት ውሏል» ብለው አወጁ። ጓድ አምሳሉ አረፋውን በፎጣ ጠርገው ወደ ስብሰባው ወጡ፤ የሰሙት ቃል የራሳቸው አዋጅ ነበርና።

ወይዘሮ ታቢታ ምላጩን ይዘው ሮጠው ቤታቸው ደረሱ። የባላቸውን ምላጭ በሊቀመንበሩ ምላጭ ላይ ደረቡ፤ ሁለቱንም ባንድነት በአስወጪው ጣት ሥር አሾለኩ፤ ጨበጥ፣ ለቀቅ፤ ቆለፉ፤ ካንዴላውን መለሱ፤ ክዳኑን ገጠሙ። ረግጠው ሊሞክሩ እግራቸውን ሲያነሡ የቀበሌው ደወል ተመታ። እንግዲህ ትነሣ አትነሣ ሳያውቁ ወደ ሸንጎ ወጡ።

የሰልፉም ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ወይዘሮ ታቢታ መሪውን ይዘው፣ አቶ ታምሩ ባልተላጨ ጢም ከኋላ እየገፉ፣ በኋላቸው ከነድስታቸው የዓሣ ደንበኞች፣ ወሬ ይብቃኝ የማይሉ ጎረቤቶች፣ ድመቶች፣ በሰማይ ደግሞ አባ ኮዳዎች። በቀበሌው ግቢ ጓድ አምሳሉ ከመድረኩ ላይ ቆመዋል፤ በግራ እጃቸው ድምፅ ማጉያ፣ ቀኝ እጃቸው ደግሞ እንደሚያስብ ሰው ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ተለጥፏል። ሕዝቡም ዛሬ ጥርሳቸውን አሟቸዋል አለ። ጆሯቸው ሥር የደረቀችውን የሳሙና አረፋ ያዩት ግን ወይዘሮ ታቢታ ናቸው።

ነጠላቸውን አጠበቁ፤ ረገጡ። ሞተሯ ሳል አለች። ሁለተኛ ረገጡ፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋችና ዝም አለች። ጓድ አምሳሉ ከመድረኩ አንድ እርምጃ ወረዱ። ወይዘሮ ታቢታ በሆዳቸው ብቻ «እባክሽ» አሏት፤ ማንንም እባክሽ ብለው አያውቁም ነበር። ሦስተኛ ረገጡ፤ ያን ጊዜ የግቢው ቆርቆሮ እስኪርገበገብ አገሳች፤ ከግሣቷም ሥር፣ ጠጋ ላለ ብቻ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ትንሽዬ፣ ልከኛ፣ ጤነኛ።

ጓድ አምሳሉ ድምፅ ማጉያውን አንሥተው «አሁንም የሚያንኳኳ ነገር ይሰማኛል» ማለት ጀመሩ። ወይዘሮ ታቢታ ግን ቀድመው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ለግቢው ሁሉ አወጁ፦ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በጆሮ አይሆንም፤ ራሴ ነድቼ እፈትሻለሁ ብለዋል። ይኸው ተነሥታለች፤ ወጥተው ይፈትሹልኝ። መሪዋ ግን በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።»

ጓድ አምሳሉ መሪውን አዩ። ድምፅ ማጉያቸውን አዩ። ሕዝቡን አዩ፤ ሕዝቡም ቀኝ እጃቸውን ያይ ነበር። እጃቸው እንደ ተሰፋ ሁሉ ከጉንጫቸው አልነቀል አለ። ድምፅ ማጉያውንም ወደ አፋቸው አስጠግተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦ «ሞተሯ… በጆሮ ተፈትሻለች። አልፋለች። ባለቤቷ ይዘዋት ይሂዱ። ስብሰባው ተበትኗል።» ሰዉም አጨበጨበ፤ በዚያ ግቢ ማንም ሳይታዘዝ የተጨበጨበው ያኔ ነው። አቶ ታምሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው፣ የሚስታቸውን ወገብ አንቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ምላጮቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ በሽርጥ ተጠርገው ነበር፣ ግን በደንብ አልተጠረጉም። ስለዚህ እሑድ ዕለት በቀበሌው ውስጥ የሞተር ዘይት ዘይት የሚሸቱ ሁለት የተላጩ ወንዶች ተገኙ።

ወይእዜሰ፣ ክብር ይድረሳቸው ለወይዘሮ ታቢታ ኩማ፣ ለጣልያን ብረት ገሪ፣ ለሁለቱ በሮች ትንፋሽ ሰጪ፣ የባላቸውን ጢም ሠውተው የሊቀመንበርን ጢም ለማረኩ፤ ሞተራቸው በልኩ ቀጭ ትበል፣ ቅርጫታቸው አይጉደል፣ ቆሮሶ በተጠበሰበት መጥበሻ ሁሉ ስማቸው ይጠራ፤ ጓድ አምሳሉም ቀኝ ጉንጫቸውን በዳሰሱ ቁጥር ያስታውሷቸው።