የሙሽሪት እናት ጣሪያ ላይ

(ማልታ፣ ማርሳሽሎክ ወደብ፣ የሐምሌ ቀትር። ዓሣ አጥማጁ ናርዱ ነገ ልጁን ይድራል። ከእስራኤል፣ ከሃይፋ የመጣችው የሙሽሪት እናት፣ ወይዘሮ ዘሃቫ፣ የቤቱ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየመታት ተቀምጣለች። ናርዱና የሚስቱ ወንድም ዊስቲን ደረጃው ሥር ይጨቃጨቃሉ።)

ናርዱ፦ የታጠበ ልብስ ናት እንዴ፣ ጣሪያ ላይ የምናሰጣት?

ዊስቲን፦ ራሷ ናት የጠየቀችው! «ባይት» አላለችም? በእኛ ማልትኛ ጣሪያ ምን ይባላል?

ናርዱ፦ በይት።

ዊስቲን፦ ታዲያስ! ዕብራይስጥ ማለት እኮ ጉንፋን የያዘው ማልትኛ ነው። እኛ ውሻን ኬልብ እንላለን፣ እነሱ ኬሌቭ። ወተት የእኛ ሐሊብ፣ የእነሱ ሐላቭ። አለቀ!

ናርዱ፦ እኔ እንኳ በእንግሊዝኛ ልሞክራት ብዬ ነበር...

ዊስቲን፦ ዝም በል! የተማረ ሰው ባለበት አታዋርደን።

(ከላይ፦ «ሼሜሽ! ሼሜሽ!»)

ናርዱ፦ ምን አለች?

ዊስቲን፦ ሼምሽ፣ ፀሐይ! ፀሐያችንን ወደደችልን።

ናርዱ፦ ፊቷ በርበሬ መስሏል እኮ።

(ከላይ፦ «ሌሔም!»)

ዊስቲን፦ ላሐም! ሥጋ! በል የጥንቸሉን ወጥ ቶሎ አድርስላት!

(ናርዱ ወጥቶ ከነሳህኑ ይመለሳል።)

ናርዱ፦ አፍንጫዋን ያዘች።

ዊስቲን፦ አንሷት ነዋ! ድስቱን እንዳለ ውሰደው!

(ናርዱ ርቦታል። በአንድ እጁ ድስቱን ይዞ፣ በሌላው ዳቦ እየገመጠ ይወጣል። ከላይ ወሬና ሳቅ ይሰማል። ቆይቶ ያለ ዳቦው ይወርዳል።)

ዊስቲን፦ በላች?

ናርዱ፦ ዳቦዬን! ከእጄ ነጥቃ! ሌሔም ለካ ዳቦ ነው። ባይትም ቤት ነው፤ ሴትዮዋ ጥላ ነው የፈለገችው። ጥንቸል ደግሞ በሃይማኖቷ እርም ነው።

ዊስቲን፦ ማን ነገረህ?

ናርዱ፦ ራሷ። እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች።

ዊስቲን፦ ታዲያ ጠዋት ምን ዘጋት?

ናርዱ፦ ደረትህን ነፍተህ «ሻሎም» ስትላት፣ አንተ ሌላ ቋንቋ የማታውቅ መስለሃት። እንዳታፍር አዝናልህ ነው። ኋላ ግን ክፉ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

ዊስቲን፦ ምን ብላ?

ናርዱ፦ «የዚህ ሰውዬ ሕመም በዘር ነው? ለልጅ ልጆቻችን ይተላለፋል?»

ዊስቲን፦ (ጆሮው ድረስ ቀልቶ) የሙሽራው አጎት ነው አላልካትም?

ናርዱ፦ ሰርጉ ይፍረስ? ጎረቤት ነው አልኳታ! እንግዲህ አደራህን፣ ነገ ልጁን «የእህቴ ልጅ» ብለህ እንዳትስመው።