የእትዬ ሲቲና ዳታ

መንሱር፦ እትዬ፣ እኔ የምለው ዳታዎ ጠፍቷል ነው።

ሲቲና፦ ማን ወሰደው? ስልኩ ከእጄ አልወጣም እኮ።

መንሱር፦ ማንም አልወሰደውም። ጠፍቷል ማለት አልበራም ማለት ነው።

ሲቲና፦ እንደሱ አትለኝም፤ አስደነገጥከኝ።

[ኪቡሊ ሰፈር፣ ሆስፒታሉ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። እትዬ ሲቲና ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር የልብስ ሱቅ ያላቸው ወሎዬ ናቸው። ጉልበታቸው ስለሚያስቸግራቸው በየሳምንቱ ለመታሸት ይመጣሉ። መንሱር የእህታቸው ልጅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ይሸጣል። እሳቸው ቤት አርፈው ሱቁን ጠቅልለው ሊሰጡት አስበዋል። መንሱር ይህን ስለሚያውቅ ዛሬ ትዕግሥቱ ከወትሮው ረዝሟል።]

ሲቲና፦ ታዲያ አብራዋ።

መንሱር፦ [ያበራል] ይኸው። ዳታ ማለት መንገድ ነው። አሁን ተከፈተ።

ሲቲና፦ ጠዋት የዳታ ባንድል ገዝቻለሁ። መንገድ ነው የገዛሁት?

መንሱር፦ የገዙት... ታክሲው ነው።

ሲቲና፦ ቦዳ ሞተር አይሻልም ነበር? ታክሲ እስኪሞላ ይቆማል።

መንሱር፦ እትዬ፣ ምሳሌ ነው።

ሲቲና፦ እሺ። ስልኩን ያስተካከለልኝ ልጅ መጀመሪያ ዳታውን፣ ቀጥሎ ይችን ቁልፍ፣ መጨረሻ ላይ ይችን ምልክት ይንኩ ብሎኛል። ቁልፏ ምንድን ናት?

መንሱር፦ ቪፒኤን ናት። ቪፒኤን ለእርስዎ ምን ይሠራል?

ሲቲና፦ እኔ ምን አውቄ።

[መንሱር አንድ ሰሞን ከስልክ ጠጋኝ ጎን ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ስልክ የማያውቀው የለም፤ ቢያንስ የማይናገረው የለም።]

መንሱር፦ ቪፒኤን ዋሻ ነው። በዚህ ገብተው በዚያ ይወጣሉ። መሐል ላይ ማንም አያይዎትም።

ሲቲና፦ በዚህ ጉልበቴ ዋሻ?

መንሱር፦ የሚገባው ስልኩ ነው። ሰው የሚጠቀምበት የተዘጋ ነገር ለመክፈት ነው። ሲነኩት ስልክዎ ሆላንድ ያለ ይመስላል።

ሲቲና፦ ጎረቤታችን የወጋሕታ እናት ውጭ ለመሄድ ስንት ዘመን ፕሮሰስ ጠብቃ እስካሁን አልተጠራችም። ስልኬ ያለ ቪዛ ሄደ?

መንሱር፦ ይመስላል አልኩ እንጂ አልሄደም።

ሲቲና፦ ከሄደስ፣ ሲደወልልኝ ማን ያነሳዋል?

መንሱር፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይከፍታል] እትዬ፣ ቁም ነገሩ ደኅንነቱ ነው። ሌባ ቢያደባ ዋሻው ውስጥ ያለውን አያይም። እርስዎ ግን ያያሉ።

ሲቲና፦ እኔ አያለሁ፣ እኔን አያዩኝም።

መንሱር፦ አሁን ገባዎት።

ሲቲና፦ የማየው ሰውዬም አያውቅም?

መንሱር፦ በምን ያውቃል።

ሲቲና፦ ጥሩ ነገር ነው። አብራልኝ።

[መንሱር ቁልፏን ይነካል። ክቧ ዞራ ዞራ አረንጓዴ ትሆናለች።]

ሲቲና፦ ለመሆኑ ሱቁን ዘግተህ ነው የመጣኸው?

መንሱር፦ ቆልፌ ነው እንጂ። እርስዎን ብቻዎን ትቼ ሱቅ ውስጥ እቀመጣለሁ እንዴ?

ሲቲና፦ ተባረክ። በል ምልክቷንም ንካት።

[ይነካል። ስክሪኑ ላይ አንድ ክፍል ይታያል። አንድ ሰው አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ወጣት ፀጉሩን ይላጨዋል። ወጣቱ ሰፍዋን ነው፣ የመንሱር ጓደኛ። እትዬ ሲቲና ለመታሸት በሄዱ ቁጥር ሱቁን ለሰፍዋን ፀጉር ቤት እንዲሆነው የሚያከራየው መንሱር ራሱ ነው።]

ሲቲና፦ ሆላንድ ይሄ ነው?

መንሱር፦ እሱ ነው። ቪፒኤን አንዳንዴ ሰው ቤት ያስገባል። እንዝጋው እትዬ፣ ነውር ነው።

ሲቲና፦ ቆይ። ከኋላው የተሰቀሉት ቀሚሶች የኔን ይመስላሉ።

መንሱር፦ ቻይና ለሁሉም አገር ነው የምትልከው።

ሲቲና፦ እውነትህን ነው። አንገቱ ላይ ያሰሩለት ግን ለዘመዳችን ለጦይባ ሠርግ በእጄ የጠለፍኩት ሻርፕ ነው። እሱንም ቻይና ላከችላቸው?

[መንሱር ሆላንድን ትቶ መሬት መሬቱን ያያል።]

መንሱር፦ ካሜራ መቼ አስገቡ?

ሲቲና፦ ጁምዓ ለት፣ አንተ መስጊድ ሳለህ። ከመደርደሪያው በላይ ናት፤ ቀና ብለህ አላየሃትም። ልጁ በዋሻው ካልሆነ ማንም እንዳይገባባት አድርጎ አሰረልኝ። ዛሬ ዳታው ጠፍቶብኝ ነው እንጂ አንተን አላስቸግርህም ነበር።

[እትዬ ሲቲና የማይክ ምልክቷን ራሳቸው ይጫኑና ስልኩን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ።]

ሲቲና፦ ልጄ፣ ከግራ ጆሮው በላይ ትንሽ ቀርቶሃል።

[ስክሪኑ ላይ ሰፍዋን ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ድርቅ ይላል። ቀስ ብሎ ጣሪያውን ያያል። ደንበኛውም አብሮ ያያል።]

ሲቲና፦ አይዞህ፣ ጨርስለት። ግን እንዳትሄድ፤ እየመጣን ነው።

[ስልኩን ይዘጋሉ። ከቦርሳቸው የውኃ ጠርሙስ አውጥተው፣ ክዳኑን ፈትተው ለመንሱር ይዘረጉለታል።]

መንሱር፦ አልጠማኝም እትዬ።

ሲቲና፦ ለመጠጥ አይደለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ምን ይላሉ መሰለህ? ጓደኛህ ሲላጭ ካየህ፣ ተራው ያንተ ነውና ራስህን አርጥብ።