የካፖርት ቁልፍና የዓለም ኃያላን

በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ሰፈር ዓለምን የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፤ የሾመውም የለም። ከሰፈሩ ርቆ ሄዶ የማያውቅም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የትኛው አገር ወጣ፣ የትኛው ወረደ፣ ማን ከማን ሊጣላ ነው ሲባል የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። አንዳንዱ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ ጡረተኛ። ለእኛ ሰፈር የደረሱት የቦንዳ ልብስ ነጋዴዋ ናቸው።

ከባሕር ማዶ በጥቅል ታስሮ የሚመጣ አሮጌ ልብስ ይሸጣሉ። ሱቃቸው በሁለት ቤቶች ግድግዳ መካከል የተዘረጋ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ይከራከራል። ፊት ለፊት "እትዬ" እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ግን "ክብርት ዋና ጸሐፊ" ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፣ አልክድም።

እኔ ራሴ እንጀራዬ የውጭ ጉዳይ ነው። አንድ ጋዜጣ ላይ አምድ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። ስለ ልዕለ ኃያላን ስጽፍ የጦር መርከብ እቆጥራለሁ፣ የኢኮኖሚ ዕድገት በመቶኛ አሰላለሁ፣ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ያላቸውን አምስቱን በየተራ እደረድራለሁ። ክብርትነታቸው ጽሑፌን ከላይ እስከ ታች ያነቡልኛል። ሲጨርሱም ለገዢ ጫማ ይጠቀልሉበታል።

"ደህና ጽፈሃል" ይላሉ። "ግን ነክተኸዋል?"

ነገራቸው ሁሉ ይኸው ነው፤ "ነክተኸዋል?" በእጃቸው ያልዳሰሱትን አያምኑም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አዲስ ቦንዳ ሲፈቱ ያያቸው ሰው የሚለኝን ያምናል። ማሰሪያውን በመቀስ ይቆርጡና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱና አንዱን ካፖርት ጎትተው ያወጣሉ። መጠኑን አያዩም፣ ቀለሙንም አያዩም። በቀጥታ ወደ ቁልፎቹ ነው የሚሄዱት።

"ኃያል አገር ሲጥል አያስብም" ይላሉ። "ካፖርቱን ከነገበሩ፣ ከነቁልፉ ይወረውረዋል። አንዳንዴማ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተበጠሰም! መውደቅ ሲጀምር ግን ከመጣሉ በፊት መቀስ ያነሣል። ቁልፉን አንድ በአንድ ቆርጦ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ለምን? ለክፉ ቀን። ክፉ ቀን ይመጣል ብሎ ቁልፍ መሰብሰብ የጀመረ አገር ደግሞ አለቀለት።"

መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሳቅሁ። አንድ ጊዜ ታዲያ ስለ አንዲት ትልቅ አገር (ስሟን ባነሣ ኤምባሲዋ ይቀየመኛል) "ቁልፍ መቁረጥ ጀምራለች፤ ጻፍ" አሉኝ። አልጻፍኩም። ከስምንት ወር በኋላ በየቀኑ የማነባቸው የውጭ ጋዜጦች የዚያችን አገር ኢኮኖሚ መንኮታኮት በትልልቅ ፊደል ይዘው ወጡ። የተማርኩትን፣ የጠረዝኩትን፣ ያጠራቀምኩትን መጽሐፍ ሁሉ አሰብኩ፤ እኚህ ሴት ግን ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ቀደሙኝ። ከዚያ ወዲህ እፈራቸዋለሁ።

የፈራሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የጂኦግራፊ መምህሩ ጎረቤታችን አንድ ቀን ሱሪ ሊገዛ ገብቶ ክርክር ገጠማቸው።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኃያልነት የሚለካው በኒውክሌር ነው!"

"ኒውክሌር ለብሰህ ትወጣለህ?"

"እሺ፣ ሩሲያን የት ያስቀምጧታል?"

"ካፖርቷን ነክቼ አላውቅም። ብርድ የሚያውቅ ሰው ካፖርት አይጥልም። ያልነካሁትን አልፈርድም፤ እሷን ዝም ብሎ መፍራት ነው።"

"አሜሪካስ?"

"ወረቀቱን ሳትበጥስ መጣሏን አልተወችም፤ እስካሁን አንደኛ ናት። ባለፈው ግን ሁለት ካፖርት ያለ ቁልፍ ልካለች። በዓይነ ቁራኛ እየተከታተልኳት ነው።" ይህን ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ዋሽንግተን እንዳትሰማ።

መምህሩ የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። "ቻይና እኮ ቦንዳ አትልክም! በእርስዎ አቆጣጠር የለችም ማለት ነው?"

ክብርትነታቸው ከክምሩ አሥር ልብስ መዘው የአንገቱን ውስጥ እየገለበጡ አስቀመጡለት። "ይሄን አሜሪካ ጣለችው። ይሄን ጀርመን። ይሄን ጃፓን። ማን ሰፋው? መነጽርህን አድርግና አንብብልኝ።" መምህሩ መነጽሩን አደረገ፣ አሥሩንም አነበበ፣ ላብ ላብ አለው። "የሚጥል የዛሬ ነው" አሉት፤ "የሚሰፋ የነገ። የያዝከው ሱሪ ይጠብሃል፣ ሌላ ላውጣልህ።" ያወጡለትን ሱሪ ሳይለካ ወሰደ።

ይህን ሁሉ ሲያስተምሩ የሚለብሱት ያው አንዱን ቡናማ ካፖርት ነው። ከመጀመሪያው ቦንዳቸው ያስቀሩት ነው፤ በሙቀትም አያወልቁትም። የጠርሙስ ክዳን የሚያካክሉ፣ ከቀንድ የተሠሩ ስድስት ጥቋቁር ቁልፎች ነበሩት። "ይሄ ሲሰፋ እንግሊዝ እንግሊዝ ነበረች" ይላሉ። ስንት ሰው ሽጡልኝ ብሎ ለምኗቸዋል፣ እኔም ጭምር። ነገር ሲያስቡ ከላይ ሁለተኛውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ያሻሹታል። ያን ጊዜ ማንም አይናገርም፤ ዓለም እየተደለደለች ነውና።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ልትገባ ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም በቃል ፈተናው ወደቀች። ከሦስት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም። ባለፈው ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ መርከቡን፣ መቶኛውን፣ ሁሉንም። ሦስት ፈታኞች ፊት ቁጥሩ ጠፋባትና ቆማ ቀረች። "ያንተ ቁጥር ነው የጣለኝ" ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ፈተና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡም ብርዱም ጠንቶ ነበርና ደህና ካፖርት ልንፈልግላት ወደ ክብርትነታቸው ሄድን።

ተለክቶ የተሰፋላት የሚመስል ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ተገኘ። አንድም ቁልፍ ግን የለውም። እትዬ የተረፈውን ክር በጣታቸው ዳሰሱና "መቀስ ነው" አሉ፣ የሰው መርዶ እንደሚናገሩ ሁሉ። "ነገ ከሰዓት መጥተሽ ውሰጂው። አባትሽ የሰጠሽን የቁጥር ወረቀት ደግሞ አስቀምጪ። ነይ፣ እዚህ ቦንዳ ላይ ቁጭ በይ። እጅሽን ስጪኝ። ይሄን ንኪ።"

አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስነኳት በር ላይ ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ካፖርቱ ስድስት ቁልፍ ተተክሎለት መጣ። "ቆንጆ ነው" አልኩ። ቁልፍ ተመልከት እየተባልኩ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩ ሰውዬ፣ ቁልፎቹን አልተመለከትኩም።

የፈተናውን ነገር የነገረችኝ ራሷ ናት። ሰብሳቢው "ዛሬ በዓለም ላይ ልዕለ ኃያል የሚባሉት እነማን ናቸው?" ሲላት ጀመረች፤ ሦስተኛው ቁጥር ላይ እንደ ልማዷ ጭልጥ ብሎ ጠፋባት። "አባዬ፣ እጄ ሳላዘው ደረቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘ" አለችኝ። ከዚያ "ክቡራን፣ ይህን የማውቀው በእጄ ነው" ብላ ከሰኞ ጠዋቱ ቦንዳ ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው። አንደኛው ፈታኝ የኮቱን እጅጌ አየና፣ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ኖሮ፣ ክንዱን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ሰብሳቢው ሳቁን ይዞ "የእኛስ አገር?" አላት።

"እኛ የሚጥሉትን እየነካን ማን እንደሚወድቅ ቀድመን የምናውቅ ነን" አለች።

በዘጠነኛው ቀን ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። አራተኛ ላይ አለች! ዣንጥላዬን እዚያው ረስቼ ወደ ቦንዳ ሱቅ ሮጥኩ።

"እትዬ! አለፈች!"

"ማለፏንማ አውቃለሁ" አሉ ካጎነበሱበት ቀና ሳይሉ። "ቁልፉ ያዘላት ወይ? በችኮላ ነው የሰፋሁት።"

ቀና ሲሉ አየሁት። ቡናማው ካፖርት ላይ ቁልፍ በነበረበት ቦታ ስድስት የክር ቁራጮች ተንጨፍርረዋል። ወገባቸውን በሰማያዊ የቦንዳ ማሰሪያ ታጥቀዋል፤ ከላይ ደረታቸው ክፍት ነው፣ ብርዱ ይገባል። ስንት ጊዜ ሽጡልኝ ያልኳቸው ካፖርት!

"እትዬ" አልኩ እንደምንም፣ "በእርስዎ ሕግ እኮ ቁልፍ የቆረጠ..."

"አጣመምከው!" አሉ ተቆጥተው። "ቁልፉን አስቀርቶ ካፖርቱን የሰጠ ነው የወደቀው። ካፖርቱን አስቀርቶ ቁልፉን የሰጠ ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም። አንተ ጻፈው፤ አምድ ያለህ አንተ ነህ።"

ይኸው የዚህን ሳምንት አምዴን ጻፍኩ። መርከብ አልቆጠርኩም። ጋዜጣው ሲወጣ አንብበው፣ ጫማ ሊጠቀልሉበት ሲያጥፉት ያንኑ ጥያቄያቸውን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ነክቼዋለሁ፣ እትዬ። ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት፣ ወደ ቦንዳው ዞር ሲሉ፣ የካፖርትዎን የተቆረጠ ክር በጣቴ ነክቼዋለሁ።