ወረቀት የሚመስል ብርጭቆ

ለስላሳ ነገር ሁሉ ጠላት ነው። ለስላሳ ምላስ ያለው ደላላ፣ ዝናብ የነካው አስፋልት፣ «ምንም ችግር የለም» የሚል የቢሮ ኃላፊ... ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንሸራትተው ካልጣሉህ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። «አይ፣ እኔ ለስላሳ ነገር ተስማምቶኝ ነው የኖርኩት» የምትል አንባቢ ካለህ ደስ ይበልህ። አንድ ቀን ግን ሰመራ ናና፣ በዚህ ሙቀት፣ በላብ በራሰ እጅ፣ መስታወት ላይ የግመል አንገት ሳል። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እኔ ሠዓሊ ነኝ። የምስለውም በታብሌት ነው። የልጆች መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ማስታወቂያ... የመጣውን አልመልስም። የምኖረው ሰመራ ነው፤ የተወለድኩት ግን አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል፤ የኔን መስመሮች ባየ ቁጥር አንገቱን ይነቀንቃል። ሌላው ሰው ደግሞ ሥራዬን ጭራሽ አይረዳውም። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «እስላለሁ» ካልኩ፣ ግማሹ ማር በዝንጅብል እንድጠጣ ይመክረኛል። አማርኛችን ሳሉንም፣ ሥዕሉንም፣ ቢላውንም በአንድ ቃል «መሳል» እያለ ሲያበቃ፣ ፍዳውን የሚያየው እኔ ነኝ።

ይኸው ቃል ነው ሐጂ እንድሪስ ፊት ያዋረደኝ። ሐጂ እንድሪስ ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ሎጊያ የከተሙ፣ የጂቡቲ መንገድ ሾፌር ሁሉ የሚያውቃቸው ባለምግብ ቤት ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን የራህመት አባት ናቸው። ራህመትን ደግሞ... ስለ ራህመት ከጀመርኩ ይህ ጽሑፍ አያልቅም። ባጭሩ ላገባት እፈልጋለሁ፤ እሷም አልጠላችኝም። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷ እንዲያዩኝ ብላ ወሰደችኝ።

«ሥራህ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ።

«እስላለሁ፣ ሐጂ።»

«ቢላ?»

«አይ... ሥዕል።»

ፊታቸው ወረደ። «ቢላ ቢሆን ይሻል ነበር። የወጥ ቤቱ ሁሉ ደንዟል።»

ሐጂ ግን ፍርድ አዋቂ ሰው ናቸው፤ ሳይፈትኑ አይጥሉም። ሎጊያ ሲመጡ ሀብታቸው አንዲት ግመል ብቻ ነበረች። ወተቷን ለሾፌሮች እየሸጡ ነው ዛሬ እዚህ የደረሱት። ቤቱም እስከ ዛሬ «ባለግመሉ ቤት» ነው የሚባለው። ግመሊቱ አርጅታ ከቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር ታመሰኳለች። የሷን ሥዕል ትልቅ ባነር ላይ አሳትመው በሩ ላይ ሊሰቅሉ ፈልገዋል።

«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ግመሌን ሳልልኝ» አሉ። «እሷን ከመሰለች ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ካልመሰለች ግን አንተም ሥራ የለህም፣ እኔም የምድራት ልጅ የለኝም።»

አየህልኝ? ትዳሬ አንዲት ግመል ላይ ተጫነ።

ቤቴ ገብቼ ታብሌቴን ዘረጋሁ። መስታወቱ ልሙጥ፣ የብዕሩ ጫፍ ጠንካራ ፕላስቲክ። አንገቷን ከትከሻዋ ጀምሬ ወደ ላይ ላወጣ ስል ብዕሩ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። እንደገና ሞከርኩ። ይባስ ብሎ ከግንባሬ ላብ ጠብ ሲል ታብሌቱ ላቤን ጣት መስሎት በራሱ ፈቃድ ሁለተኛ ጭራ አወጣላት። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ብዕር ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብኝ። እንደምንም ጨርሼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ይዤ ሄድኩ።

ሐጂ መነጽራቸውን አጥልቀው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰጎን አላዘዝኩህም» አሉ።

አጠገባቸው ሻይ የሚጠጡ አንድ የአፋር አዛውንት ነበሩ፣ የሐጂ የልብ ወዳጅ። ታብሌቱን ተቀብለው አቀረቡት፣ አራቁት። እኚህ ሰው ግመልን ከሩቅ በአረማመዷ የሚለዩ ናቸው።

«አይ፣ ግመል ናት» አሉ። «ግን ታማለች።»

ራህመት ከገንዘብ መቀበያው መስኮት ኋላ አንገቷን ደፋች። ማፈሯ ይሁን መሳቋ አልገባኝም። ሐጂ የአንድ ሳምንት ዕድል ሰጡኝ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የመስታወቱ መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። ታብሌት ላይ የሚስል ሰው መስታወቱ ላይ ሻከር ያለ መከላከያ ይለጥፋል፤ ያኔ ብዕሩ ወረቀት ላይ እንዳለ እርሳስ ያዝ ያዝ ይላል። ምርጫው ግን ከትዳር ምርጫ አይቀልም። ልሙጡ ምስሉን ጥርት አድርጎ ያሳይሃል፣ ግን ያንሸራትትሃል። ሻካራው ይይዝልሃል፣ ግን ቀለሙን ጭጋግ ያለብሰዋል፤ የብዕርህንም ጫፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጫፉም ራሱ ዓይነት አለው። ጠንካራው ዕድሜ አለው፣ ጸባይ የለውም። ለስለስ ያለው ጸባይ አለው፣ ዕድሜ የለውም። ሁሉንም አሟልቶ የሰጠው የለም። እኔ ሻካራውን መከላከያ ከለስላሳው ጫፍ ጋር ላጋባቸው ቆረጥኩ።

ሰመራ ፈለግኩ፣ አጣሁ። የስልክ ዕቃ የሚሸጡት ሁሉ መከላከያውን «ግላስ» እያሉ የሚያወጡልኝ የሚያብረቀርቀውን ነው። ስለዚህ አዋሽ ለአብሮ አደጌ ለከማል ደወልኩ። ከማል የማይሸጠው ነገር የለም። የስልክ ግላስ፣ ሚስማር፣ ቧንቧ፣ ቀለም፣ የአይጥ ወጥመድ፣ ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ ተቃቅፈው ይኖራሉ። የማያብረቀርቀውን ግላስ ባለሙያዎቹ «ማት» ይሉታል፤ እኔም ባለሙያ ልምሰል ብዬ...

«ከማል፣ የታብሌት ግላስ ፈልጌ ነበር። ማት አለህ?»

«መዓት አለ።»

«ማት ነው ያልኩህ።»

«እኔስ ምን አልኩ? መዓት ነው አቦ፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኛል።»

ጠረጠርኩ። «ያብረቀርቃል?»

«ፊትህን ታይበታለህ ወላሂ። ጺምህን ትላጭበታለህ።»

የሰው ቋንቋ አፍ ላይ ሲበዛ መዓት ይጠራል ብዬ ወደ አማርኛዬ ተመለስኩ። የጠፋሁትም እዚሁ ላይ ነው። ኔትወርኩ ደግሞ ቆረጥ፣ ቀጠል ይላል።

«ስማኝ ከማል፣ እኔ የምፈልገው ወረቀት የሚመስል ብርጭቆ ነው... ብርጭቆ... ወረቀት...»

«ብርጭቆ ወረቀት? ታዲያ እንደሱ አትልም? ሻካራው ነው ለስላሳው?»

«ሻካራው እንጂ! ለስላሳው አይደል እንዴ ያጠፋኝ።»

«ለእንጨት ነው ለብረት?»

ጥያቄው ገረመኝ። ታብሌቱን ገልበጥ አድርጌ አየሁት። «ጀርባው ብረት ነው» አልኩ።

«በቃ ገባኝ። ሌላስ?»

«ጫፍም ላክልኝ። ለስለስ ያለ፣ ስትስልበት የማይንሸራተት።»

«ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ከሁለቱም ላክልኝ።»

«አብሽር» አለ ከማል። «ነገ በሚያልፍ መኪና እልከዋለሁ። ባለግመሉ ቤት ያራግፍልሃል።»

እጅህ ላይ ሙያ ያለህ አንባቢ እስካሁን ሳቅህን ጨርሰሃል። እኔ ግን በዚያን ቀን ዓለሜን አገኘሁ ብዬ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቀሰቀሰኝ የራህመት ስልክ ነው።

«ሙስጠፋ፣ ከአዋሽ ዕቃ መጥቶልሃል። አባቴ ከፈተው።»

«ደህና ነው? አልተሰበረም?»

«ምኑ ይሰበራል? ጥቅል ብርጭቆ ወረቀት ነው። ብረት የሚፍቁበት። የቀለም ብሩሽም አለው፣ አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም።»

ብርጭቆ ወረቀት! አናጢው እንጨቱን፣ ብረት ሠሪው ዝገቱን የሚፍቅበት ወረቀት። ወረቀት የሚመስል ብርጭቆ ብዬ ያዘዝኩት ሰው ትዕዛዜን ገልብጦ ብርጭቆ የተነሰነሰበት ወረቀት ላከልኝ። ለስለስ ያለ ጫፍ ያልኩትም ብሩሽ ሆነለት። አልዋሸም፤ ቃሌን በቃሌ ነው የመለሰልኝ።

«አባቴ ይኼ ምንድነው አለኝ» ቀጠለች ራህመት። «ምን ልበለው? የግቢያችን በር መዛጉን አይቶ አላስችለው ብሎ ያስመጣው ነው አልኩት።»

«ራህመት፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ደስ ብሎታል ወላሂ። እንዲህ ያለ ሙያ ይዞ ለምን ደበቀኝ ነው ያለው። አርብ በጠዋት ና፣ እየጠበቀህ ነው።»

ልጅቷ ከማልን ታስንቃለች። እኔስ ምን አማራጭ አለኝ? እውነቱን ብናገር ራህመትን አባቷ ፊት ውሸታም ላደርጋት ነው። ብዋሽ ደግሞ... ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሉ የለ? አርብ ጠዋት ሎጊያ ሄጄ አጎነበስኩ።

በሩ የላሜራ በር ነው፤ የሁለት ሰው ቁመት አለው፣ ወርዱም ለጭነት መኪና የሚበቃ ነው። ዝገቱ ከበሩ ይበልጣል። ሐጂ ወንበራቸውን ጥላ ሥር አስመጥተው ተቀመጡ፤ የአፋሩ አዛውንትም ከጎናቸው። እኔ እፍቃለሁ፣ እነሱ ይመለከታሉ። የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ጥሩምባ ይነፋልኛል። መዳፌ ተላጠ፣ ዓይኔ ዝገት ጠጣ፣ ሸሚዜ ቀለሙን ቀየረ። ከምግብ ቤቱ ውስጥ ግን ራህመት ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ትወጣለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ተፍቆ ሲያልቅ ሐጂ ያስመጡትን ነጭ ቀለም ቀባሁት። በሎጊያ ፀሐይ ቀለም እስኪደርቅ መጠበቅ የለም፤ ዞር ስትል ደርቆ ይጠብቅሃል። ሐጂ ተነስተው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ማሻአላህ» አሉ። «ባነሩን ተወው፤ የዚህ አገር ንፋስ ሳምንት አያቆየውም። ግመሌን እዚሁ ላይ ሳልልኝ።»

ልቤ ዘለለ፤ ደግሞም ወደቀ። በር ላይ ስዬ አላውቅም። ቀጭኑን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሬ የአንገቷን መስመር ጀመርኩ... አልሄደብኝም! የተፋቀው ላሜራ ከነጩ ቀለም ሥርም ሆኖ ብሩሹን ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ስፈልገው የከረምኩት ወረቀት የሚመስል ነገር ይኸው ፊቴ ቆሟል፤ ለካ በገዛ እጄ ስሠራው ነው የዋልኩት። አንገቷ ወጣ፣ ሻኛዋ ወጣ፣ ያ ሁሉን የምትንቅበት ከንፈሯ ወጣ።

አዛውንቱ ተጠጉ። «ድናለች» አሉ።

ደስታ ግን ዓይን ያሳውራል። ታብሌት የለመደ እጅ መጠን አያውቅም። ትልቅ ከሆነብህ ሁለት ጣትህን ቆንጥጠህ ማሳነስ ነው፤ ከተሳሳትክ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገህ መሰረዝ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ግመሊቱ ከበሩ አራት እጅ ሦስቱን ይዛለች፤ ለእግሯ የቀረው ስንዝር ነው። ሳላስበው ሁለት ጣቶቼን በሩ ላይ አሳርፌ ቆነጠጥኩ። አልሆነም። መታ መታ አደረግኩት።

«ምን ሆንክ?» አሉ ሐጂ። «ማንን ነው የምታንኳኳው?»

«ምንም ሐጂ። መድረቁን ላይ ብዬ ነው።»

ምን ይሻለኛል? እግር የሌላት ግመል ሰጎኗን ታስመሰግናለች። ሽማግሌዎቼ አዋሽ ልብሳቸውን አሳጥበው ስልክ ይጠብቃሉ። መሬት ላይ ተንበረከክኩና ያለኝን ብቸኛ መላ መታሁ፤ እግሮቿን አጥፌ ግመሊቱን አንበረከክኳት።

ሐጂ መጥተው በላዬ ቆሙ። ግመሊቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ለምን ተንበረከከች?»

በሩ አለቀብኝ ልበል?

«ግመል የሚንበረከከው» አሉ አዛውንቱ፣ «ወይ ሊታረድ ነው ወይ ሊጫን ነው።»

«የኔ ግመል አትታረድም» አሉ ሐጂ። «ታዲያ ምን ልትጫን ነው?»

ራህመት ውሃውን እንደያዘች ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«የሙሽራ ዕቃ» አልኩ።

ሐጂ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ልጃቸው ወደ መሬት አየች። የጢማቸው ጥግ ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«ሽማግሌዎችህ ይምጡ» አሉ። «ግን ከአሁኑ እወቀው። ለጭነቱ የተንበረከከችው ግመሊቱ ናት። ትዳሩ ላይ የምትንበረከከው ግን አንተ ነህ፤ ልጄን አውቃታለሁ።»

«እሺ ሐጂ» አልኩ። ለነገሩ ያን ጊዜም ቆሜ አልነበረም፤ የግመሏን ጉልበት እየቀባሁ ነበር።